ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት ወይስ ጥንድ?

ባጂ የሚባሉትን ትናንሽ የአውስትራሊያ በቀቀኖች ለማሳደግ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቀለማቸው ነው፤ እኔ ግን ጾታቸው ይቅደም እላለሁ። በዱር በመንጋ የሚኖሩ በመሆናቸው ለብቻ ማስቀመጥን አልመክርም።

ጾታቸው የሚለየው ከምንቃራቸው በላይ የአፍንጫ ቀዳዳቸውን በከበበው ሥጋ ነው፤ በደረሰ ወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ደማቅ ሰማያዊ ሲሆን፣ ሴቷ ለመራባት ስትዘጋጅ ግን ቡናማና ሻካራ ይሆናል። ገና ሳይጎለምሱ የሁለቱም ወደ ሮዝ ስለሚያደላ፣ «ጥንድ ናቸው» የሚለውን የሻጭ ቃል በጥርጣሬ መስማት ይበጃል።

ለጀማሪ የምመርጠው ሁለት ወንዶችን ነው። እኔ ቤት ያሉት ቀኑን ሙሉ ሲንጫጩ፣ ራሳቸውን ሲነቀንቁና አንዱ ያወራረደውን ጥሬ መልሶ ሌላውን ሲያጎርስ ይውላሉ (ጉርሻው ሴት የሚጠይቅ የሚመስለው ብዙ ነው)። ሁለት ሴቶች ተስማምተው የሚኖሩበት ጊዜ ቢኖርም፣ በተለይ ጎጆ የሚሆን ሳጥን ካገኙ ጠባቸው እስከ መደማማት ሊደርስ ይችላል።

ወንድና ሴት ብዙውን ጊዜ ይስማማሉ፤ ጣጣው እንቁላሉ ነው። ሴቷ አንድ ቀን እየዘለለች በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 እንቁላል ትጥልና እያንዳንዱን 18 ቀን ገደማ ትታቀፋለች፤ ካልሲየም ካነሳት እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊገድላት ይችላል። ጫጩት የማይፈልግ ሰው ሳጥን አያስገባ፣ የብርሃኑንም ሰዓት ያሳጥር፤ ሴት ያለ ወንድም እንቁላል ልትጥል ስለምትችል ተቀቅሎ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በየጊዜው ይቅረብላት።