ከሲቪ አጣሪ ጎን ተቀምጬ የተማርኩት

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይቺን ሲቪ ያውቃታል። ከላይ በትልቁ «ካሪኩለም ቪቴ» ይላል። ከዚያ ጉርድ ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ ቦታ፣ አንዳንዱ ጋ ቁመት ሳይቀር። ትምህርት ከአንደኛ ክፍል ይጀምራል። የቋንቋ ሰንጠረዥ አለ፤ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ አማርኛ በአራቱም «እጅግ በጣም ጥሩ»። መጨረሻ ላይ «ከላይ የገለጽኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይልና ይፈረማል። የኔም እንደዚያው ነበር። ኮፒ ቤት ነው ያስጻፍኩት። ልጅቷ የሌላ ሰው ሲቪ ከፍታ ስሙን አጠፋችና የኔን አስገባች፣ አለቀ።

በአካውንቲንግ ነው የተመረቅኩት። ሁለት የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ከሠራሁ በኋላ ወደ ኤንጂኦ መዞር ፈለግኩና ማመልከት ጀመርኩ። እሑድና ረቡዕ ሪፖርተር ጋዜጣ፣ በሌላው ቀን ኢትዮጆብስና የቴሌግራም ቻናሎች። የሚደውል ጠፋ። ሰው ሁሉ የሚለው ያው ነው፦ «ዘመድ ከሌለህ ምን አለፋህ?» ዘመድ እንደሚሠራ አልክድም። ግን ዘመድ የሌላቸው ሰዎችም ሲጠሩና ሲቀጠሩ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ያ መልስ አልበቃኝም።

እትዬ የምላቸው የእናቴ ወዳጅ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ኃይል ክፍል የሠሩ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም አንዳንድ ድርጅቶች ማመልከቻ ሲበዛባቸው ለማጣራት ይጠሯቸዋል። ቤታቸው ሄጄ «እትዬ፣ እስቲ እንዴት እንደሚያጣሩ ያሳዩኝ» አልኳቸው። የአመልካች ስም አላሳዩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ባዶውን ኤክሴል ግን ከፈቱልኝ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ጾታ፣ የትምህርት ዓይነትና ደረጃ፣ የተመረቀበት ዓመት፣ ጠቅላላ ልምድ፣ ተዛማጅ ልምድ፣ ሶፍትዌር፣ ከዚያ ጠበብ ያለች «አስተያየት» የምትል ዓምድ፣ መጨረሻ ላይ «አለፈ» ወይም «አላለፈ»። ያ ነው።

ከዚያ የኔን ሲቪ አንስተው መሙላት ጀመሩ። እኔ ጎናቸው ተቀምጫለሁ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች ያወርዳሉ። ፎቶዬን አለፉት። የጋብቻ ሁኔታዬን አለፉት። ዓላማዬን የገለጽኩበት አራት መስመር ላይ ዓይናቸው አላረፈም። ሁለተኛው ገጽ ላይ የሥራ ልምዴ ጋ ደርሰው ቆሙ። «2010 – 2013» ይላል። ቀና ብለው አዩኝና «ይሄ በማን ነው የኔ ልጅ፣ በእኛ ነው በፈረንጅ?» አሉኝ።

በእኛ ነበር። የትም ቦታ ግን አልተጻፈም።

እዚህ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቅበት ይመስለኛል። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያስብ ሰው ያንን መስመር ሲያየው እኔ ገና ተማሪ በነበርኩበት ዘመን ሥራ ይዤ ነበር ማለት ነው። ሌላም ጉድ አለው። የሠራሁት ከመስከረም 2010 እስከ ሰኔ 2013 ነው፣ ማለትም አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር ሲቀረው። ወር ካልተጻፈ ግን አጣሪው ከአሥራ ሦስት ላይ አሥር ይቀንስና ሦስት ብሎ ይሞላል። ማስታወቂያው የሚለው ደግሞ በጠቅላላው «ቢያንስ 6 ዓመት» ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ላይ አሥር ወር ወድቆ ይቀራል። አሁን ለኤንጂኦ ስልክ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ወሩን ጨምሬ፦ ሴፕቴምበር 2017 እስከ ጁን 2021። ስትቀይሩ ደግሞ ሁሌ ስምንት አትጨምሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ነው፣ ጃንዋሪ ሲገባ ነው ስምንት የሚሆነው። በሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁና በሲቪያችሁ መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ከመጣ አጣሪው «ቀይሮት ተሳስቶ ነው» ብሎ አያዝንላችሁም፣ «ልምድ ጨምሯል» ነው የሚለው።

ቤቴ ሄጄ ሲቪዬን ከዜሮ ጀመርኩ። ኮፒ ቤት አልሄድኩም። የወሰድኩት መመሪያ አንድ ብቻ ነው፦ እትዬ ያንን ሰንጠረዥ ሳይደክሙ ይሙሉት።

መጀመሪያ ማስታወቂያውን ነው ያነበብኩት፣ በደንብ፣ በእርሳስ እያሰመርኩ። ከዚያ በፊት የማነበው የሥራ መደቡን፣ ደመወዙንና ማብቂያ ቀኑን ብቻ ነበር፣ ደመወዙ ደግሞ ሁሌም «በስምምነት» ነው። አሁን ግን እያንዳንዱን ተፈላጊ ነገር ለብቻው አወጣሁና ሲቪዬ ላይ የት እንደሚገኝ ፈለግኩ። «የውጭ ኦዲት ልምድ ያለው» ይላል፤ አለኝ፣ ሲቪዬ ላይ ግን የለም። «የደመወዝ ዝግጅት» ይላል፤ አለኝ፣ እሱም የለም። ያለው ምን መሰላችሁ? «የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ ልዩ ልዩ ሪፖርቶችን ማዘጋጀት፣ ከቅርብ አለቃ የሚሰጡ ተጨማሪ ሥራዎችን ማከናወን»። ከሥራ መደብ ዝርዝር ላይ ቀጥ ብሎ የተገለበጠ። ያ መደቡን እንጂ እኔን አይገልጽም። ከኔ በፊት የነበረውም ሰው ከኔ በኋላ የመጣውም ይችኑ መጻፍ ይችላል።

የሠራሁትን ማስታወስ ከባድ ነው የሆነብኝ። ቁጭ ብሎ «ምን ሠራሁ?» ሲሉ ጭንቅላት ባዶ ይሆናል። የረዳኝ የድሮ ኢሜይሎቼን መክፈት ነው። ማን ምን ላክልኝ እያለ እንደሚጨቀጭቀኝ ሳይ የሠራሁት ሁሉ ወጣ። ሌላው፣ የዓመት ፈቃድ ልወጣ ስል የጻፍኩትን የርክክብ ወረቀት አገኘሁ፣ እሱ ራሱ ግማሽ ሲቪ ነበር። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ የ85 ሠራተኞችን ወርኃዊ ደመወዝ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር አዘጋጅቻለሁ፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮውን በየወሩ በጊዜው አሳውቄያለሁ። የሦስት ባንክ ሒሳቦችን በየወሩ አስታርቄያለሁ። የውጭ ኦዲተሮች ሲመጡ ሰነድ አቅርቤያለሁ፣ ለጥያቄያቸውም መልስ ሰጥቻለሁ። ድርጅቱ ወደ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) ሲሸጋገር የቋሚ ንብረት መዝገቡን አጥርቻለሁ። ይሄኛው በጣም የሚያስገርመኝ ነው። ወራት የፈጀ፣ መጋዘን ለመጋዘን አቧራ ያስጠጣኝ ሥራ ሆኖ የድሮው ሲቪዬ ላይ አንድ ቃል አልነበረም።

የጡረታው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መሆኑን መጻፍ አያስፈልግም፣ የትኛውም ሒሳብ ሠራተኛ ያውቀዋል። የስንት ሰው ደመወዝ እንደሆነና በምን እንደሠራችሁት ነው የሚፈለገው። ቁጥር ስትጽፉ ደግሞ ብታነሱት የማታፍሩበት ይሁን። ሌላውን የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ኩዊክቡክስን፣ የማውቀው በትንሹ ስለሆነ «መሠረታዊ» ብዬ ነው የጻፍኩት። አንድ የማውቀው ልጅ «በጣም ጥሩ» ብሎ ጽፎ ፈተና ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩን ከፍተው «እስቲ ቫውቸር አስገባ» አሉት። የቀረውን ራሳችሁ ገምቱት።

የላይኛው ክፍል ላይ የነበረውን ዓላማ አጥፍቼ ሦስት መስመር አስገባሁ፦ ዲግሪዬ፣ የልምዴ ርዝመት፣ ማስታወቂያው የጠየቃቸው ሁለት ሦስት ነገሮች። እነዚህ መስመሮች በየማስታወቂያው ይቀያየራሉ፣ የቀረው ብዙም አይነካም። ፎቶ፣ ቁመት፣ ሃይማኖት፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጡ። ማስታወቂያው ካልጠየቀ ዕድሜም አልጽፍም። ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ የሷን ልካልኝ ነበር፣ አንድ ገጽ ናት፣ ፎቶም ዕድሜም የለባትም፣ እዚያ አሠሪዎቹ ራሳቸው አድልዎ ፈጸማችሁ ተብለው እንዳይከሰሱ አይፈልጉትም። እኛ ጋ አንድ ገጽ ላይ ሙጭጭ ማለት አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ሁለት ገጽ ይበቃል። አምስት ገጽ ግን ማንም አያነብላችሁም።

ስም። ይሄ ነገር እኛን በተለይ ይመለከተናል። የአባቴ ስም ዲግሪዬ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ቀበሌ መታወቂያዬ ላይ በሌላ፣ ፋይዳ ላይ በሦስተኛ ነው። ሲቪዬ ላይ ዲግሪው ላይ ያለውን ወሰድኩ፣ ምክንያቱም ሰነድ ሲመሳከር መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ኢሜይሌንም በስሜ አዲስ ከፈትኩ። የድሮው በአንድ የእንግሊዝ ኳስ ቡድን ስም ነበር፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም።

ሲቪ ላይ የተጻፈ ልምድ ደብዳቤ ከሌለው ዋጋ የለውም። ብዙ ማስታወቂያ ከግል ድርጅት የሚመጣ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን እንዲገልጽ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ያቺ ዓረፍተ ነገር መኖሯን እዩ። የመደብ መጠሪያችሁም አንድ ይሁን፤ ደብዳቤው «ጁኒየር አካውንታንት» እያለ ሲቪው «አካውንታንት» ካለ ጥያቄ ይነሳል። አንዱ የቀድሞ አሠሪዬ ደብዳቤውን ለመስጠት «ነገ ና» እያለ አመላለሰኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ሠራተኛው ሲጠይቅ እንዲሰጠው ያስገድዳል፣ ያለ ክፍያ። አዋጁን ጠቅሼ በጽሑፍ ማመልከቻ መዝገብ ቤት ሳስገባ ነገሩ ፈጠነ። ሥራ ላይ ሳላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። ልትለቁ ስትሉ፣ ክሊራንስ ተይዞባችሁ፣ ከአለቃ ጋር ተኮራርፋችሁ ከመለመን ይሻላል።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለየትኛውም ሥራ እኩል አይጠቅምም። መንግሥት መሥሪያ ቤት ስታመለክቱ ፎርም ትሞላላችሁ፣ ኦሪጅናልና ኮፒ ታቀርባላችሁ፣ ትፈተናላችሁ፤ ሲቪው ከሰነዱ ጋር አብሮ ይታሠራል፣ ያው ነው። ባንኮች ለአዲስ ምሩቅ ሲያወጡ ውጤትንና ፈተናን ነው የሚያዩት። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ወዲህ የተመረቃችሁ ደግሞ የመውጫ ፈተና ማለፋችሁን ከዲግሪው ጎን ጻፉት፣ ሰው እስኪጠይቅ አትጠብቁ። ሲቪ በእውነት የሚነበበው ኤንጂኦና የተደራጁ የግል ድርጅቶች ጋ ነው። ጉልበቴን እዚያ ላይ ነው ያዋልኩት፣ ያገኘሁትን ሁሉ ላይ መበተን ትቻለሁ።

ቻትጂፒቲን ሞክሬዋለሁ። እንግሊዝኛውን ለማስተካከል ጥሩ ነው። ራሱ እንዲጽፍ ስለቀው ግን «ውጤት ተኮር፣ ለላቀ አፈጻጸም የተነሳሳ ባለሙያ» አደረገኝ። ለእትዬ ሳሳያቸው ሳቁ። «ይሄንን ሰውዬ እኔም አውቀዋለሁ፣ በየማመልከቻው ይመጣል» አሉኝ። አጠፋሁት።

አላላኩም ራሱ ሥራ አለው። በስልክ ካሜራ የተነሳ፣ ጥግ ላይ የጠረጴዛ ልብስ የሚታይበት ዲግሪ አትላኩ። በካምስካነር አስተካክላችሁ ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ ሰብስቡት፣ መጠኑንም ቀንሱት፣ ብዙ ኢሜይል ትልቅ ፋይል ይመልሳል። የፋይሉ ስም የራሳችሁ ስምና የሥራ መደቡ ይሁን። እትዬ ኮምፒውተር ላይ «ሲቪ ፋይናል ኒው» የሚል ፋይል ስንት እንዳለ ብታዩ። ምስክር አድርጋችሁ የምትጽፏቸውን ሰዎች ደግሞ አስቀድማችሁ ደውሉላቸው። የኔ አንዱ ምስክር ሲደወልለት የትኛውን መደብ እንዳመለከትኩ ያውቅ ስለነበር ስለ ኦዲቱ ራሱ አንስቶ አወራላቸው።

ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ማብቂያ ቀኑ ሲያልፍ ከገጹ ይነሳል፣ የሚደውሉት ደግሞ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እኔን ሲደውሉልኝ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ድርጅቱን ራሱ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደብኝ። ማታ ማስታወቂያውንና የላክኩትን ሲቪ ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ። ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዷ ሲቪዬ ላይ ያቺን የቋሚ ንብረት መስመር በቢጫ አስምራበታለች። «መዝገብ ላይ ኖሮ በአካል ያልተገኘ ዕቃ ሲያጋጥምህ ምን አደረግክ?» አለችኝ። ስለዚያ መጋዘን ማውራት ጀመርኩ፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን አይቶ እስኪያስቆመኝ ድረስ። አሁን እዚያው ነው የምሠራው። ንብረት ቆጠራም ያው በኔ ላይ ወድቋል።