«ቢልዎን ላየው?» ያለው ልጅ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤታችንን የገዛነው በ2021 መኸር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ታኮማ ፓርክ አፓርትመንት ውስጥ ኖረናል። እዚያ መብራቱም፣ ውሃውም፣ ጋዙም ኪራዩ ውስጥ ነበር። በወሩ መጀመሪያ አንድ ቼክ እንጽፋለን፣ በቃ። ስለዚህ ወደ ራሳችን ቤት ስንገባ፣ አሜሪካ ውስጥ በስሜ የመጣ የመብራት ቢል አይቼ አላውቅም ነበር።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን ቤት የገዙ ሁለት ወዳጆቼ ናቸው። ሁለቱም እኔን ያጋጠመኝ ነገር፣ የመብራት ቢል ልይ ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው፣ አጋጥሟቸዋል። ቀደም ብዬ ባለመንገሬ ቆጨኝ።

የመጀመሪያው ሥራ ስልክ መደወል ነው። ለመብራቱ ፔፕኮ፣ ለውሃው ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ፣ ለጋዙ ዋሽንግተን ጋዝ። ሁሉም የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፤ ስም፣ አድራሻ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ከመቼ ጀምሮ በስማችሁ እንደሚሆን። ከመግባታችሁ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ደውሉ። የድሮው ባለቤት ስሙን አስወጥቶ እናንተ ካላስገባችሁ መብራቱ ሊቋረጥ ይችላል። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» ብቻ በሉ። አስተርጓሚ መስመር ላይ ያስገቡላችኋል፤ አይከፈልበትም። ባለቤቴ የውሃውን ጉዳይ የጨረሰችው እንደዚያ ነው። አስተርጓሚዋ «ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ ምን ልርዳሽ?» ስትላት፣ ባለቤቴ ስልኩን እንደያዘች ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የአድራሻ ለውጥ ደግሞ በፖስታ ቤቱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ አድርጉ። ማንነት ለማረጋገጥ ተብሎ የሚቆረጠው ከአንድ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ጎግል ላይ ስትፈልጉ ፖስታ ቤቱን መስለው ብዙ ብር የሚያስከፍሉ ገጾች ይመጣሉ፤ ተጠንቀቁ። ደብዳቤ ለ12 ወር ወደ አዲሱ ቤት ይላካል። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ አዲሱን አድራሻ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የቆሻሻውን ነገር ጎረቤት ጠይቁ። የእኛ ሰፈር ወረቀት ለብቻ፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ በሰማያዊው ቢን ለብቻ ነው የሚወጣው። ጎረቤቴ አንድ ጊዜ አሳየኝ፣ በዚያው ለመድኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በገባን በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ሠርታ ተኝታለች። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች፤ ቀድማኝ ከፈተች። አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ታብሌት የያዘ ትሁት ልጅ ነው። «ስለ መብራት ቢላችሁ ነው የመጣሁት» አለ። እናቴ ምን እንደሚል ስትጠይቀኝ «መብራት ኃይል ነው» አልኳት። ወዲያው ግባ በለው አለች። አገር ቤት ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ በር ይከፈትለታል፣ ፀሐይ ከሆነም ውሃ ይሰጠዋል። እኛም እንደዚያው አደረግን።

ልጁ ተቀመጠ። ውሃውን ጠጣ፣ አመሰገነ። «ቢልዎን ላየው? ቅናሽ ማግኘት አለማግኘትዎን ላረጋግጥ» አለኝ። አመጣሁለት። በስልኩ ፎቶ አነሳው። ታብሌቱ ላይ በጣቴ ፈረምኩ። የ50 ዶላር የስጦታ ካርድ በፖስታ እንደሚመጣልኝ ነግሮኝ ሄደ። እናቴ በመስኮት እየሸኘችው «የታረመ ልጅ ነው» አለች።

እኔ ያላወቅኩት ይህን ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ የመብራት ገበያው ለሁለት የተከፈለ ነው። ሽቦውና ቆጣሪው የፔፕኮ ነው፤ እሱን መለወጥ አይቻልም። ኃይሉን ግን ከፔፕኮ ወይም ከሌላ ሻጭ ኩባንያ መግዛት ትችላላችሁ። ሕጉ የወጣው በ1999 ነው። ቢሉ የሚመጣው ያው በፔፕኮ ስም ስለሆነ፣ ኃይሉን የሚሸጠው ሌላ መሆኑ ቶሎ አይታይም። ልጁ የአንዱ ሻጭ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። እኔን ከፔፕኮ ወደዚያ ኩባንያ ለማዞር የሚያስፈልገው ቢሉ ላይ ያለው የአካውንት ቁጥር ነው። ፎቶ ያነሳው ለዚያ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዋጋው ደህና ነበር። በአራተኛው ወር ቢሉ 341 ዶላር መጣ። ብርድ ስለነበረ ማሞቂያው ነው አልን። ማታ ማታ ቴርሞስታቱን ዝቅ አድርገን እናቴን ጋቢና ብርድ ልብስ ደራርበን እናስተኛት ጀመር። ይህን ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል። በቀጣዩ ወርም ያው ሆነ።

የነቃነው በአንድ ጋሼ ነው። ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው። እናቴን ሊጠይቁ መጥተው ስለ መብራቱ ስትነግራቸው «እስቲ ቢሉን አምጣው» አሉኝ። መነጽራቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። የቡናውን ሲኒ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። እኔ ሁልጊዜ የማየው የመጀመሪያውን ገጽ፣ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ነበር። እሳቸው ገለጡት። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ዴሊቨሪ» የሚለውን፣ የሽቦውን ክፍያ፣ በእስክሪብቶ አንድ ጊዜ አሰመሩበት። ከዚያ «ሰፕላይ» የሚለውን፣ የኃይሉን ክፍያ፣ ከበቡት። ከጎኑ የማላውቀው ኩባንያ ስምና ስልክ ተጽፏል። «ይኼ ማነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ «ፕራይስ ቱ ኮምፔር» የምትለውን አሳዩኝ። የፔፕኮ የኃይል ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት ስንት እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። ሻጩ የሚያስከፍለኝ የዚያን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ውሉ ከሦስት ወር በኋላ ዋጋው ይለዋወጣል ይላል። እኔ ታብሌት ላይ ስፈርም ያንን ገጽ አላየሁትም።

ሰኞ ጠዋት ቢሉ ላይ ወዳለው የሻጩ ስልክ ደወልኩ። ሠራተኛዋ ሌላ ቅናሽ ልትሰጠኝ ሦስት ጊዜ ሞከረች። «አልፈልግም፣ ሰርዙልኝ፣ የስረዛ ቁጥር ስጪኝ» እያልኩ ደጋገምኩ። ቁጥሩን ጻፍኩ። ፔፕኮም ደውዬ ወደ ቀድሞው መመለሴን አረጋገጥኩ። የመብራት ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው ለሜሪላንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን አቤቱታ አስገባሁ፤ ኢንተርኔት ላይ ፎርም አለው፣ በነጻ ነው። ከወራት በኋላ የተወሰነው ገንዘብ ተመለሰልን። ሁሉም አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ትንሽ ተሻሽሏል። በ2024 የወጣው የሜሪላንድ ሕግ ለመኖሪያ ቤት የሚፈረም የመብራት ውል ከ12 ወር እንዳይበልጥ አድርጓል። በየቤቱ የሚዞሩት ሻጮችም ፈቃድ እንዲኖራቸው ያዛል። ቢሆንም በር ማንኳኳቱ አልቀረም። ኦሃዮና ፔንሲልቬንያ ያላችሁም አስተውሉ፤ እዚያም ኃይል መሸጥ ለብዙ ኩባንያዎች ክፍት ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ይህን ያዙልኝ። እዚህ ቆጣሪው ስማርት ነው፤ ንባቡን ራሱ ይልካል። ለንባብ ብሎ በራችሁን የሚያንኳኳ ሰው የለም። መብራቱን የምታገኙበት ድርጅት ደግሞ ቢላችሁን እናንተ ጋ ሳይመጣም ያውቀዋል፤ የላከው ራሱ ነው። «ቢልዎን ላየው» የሚል ሰው ከመጣ ሻጭ ነው ማለት ነው። የአካውንት ቁጥሩን እንደ ባንክ ቁጥራችሁ ጠብቁት። ቤት ውስጥ እናት፣ አባት ወይም ገና የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። በር የሚከፍቱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ከእናቴ ጋር በዚህ ብዙ ተነጋግረናል። ሰው ደጄ ቆሞ አይመለስም ባይ ናት፣ እኔም ይህን ጠባይዋን እንድትተው አልፈልግም። በመጨረሻ ተስማማን። ውሃ በረንዳው ላይ ትሰጣለች። ቢሎቹ የእኔ መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉ ከመኪናዬ ቁልፍ ጋር ታስሯል።