ባኪንግ ትራክ ላይ ጊታር መቅዳት፦ ትራኩ አይጠብቃችሁም

ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ጊታር ከቨር የሚቀዳ ሰው ቅጂው አልጥም ሲለው መጀመሪያ የሚነካካው የጊታሩን ቃና ነው። አምፕ ሲሙሌተር (የጊታር አምፕን ድምፅ የሚያስመስል ሶፍትዌር) ይቀያይራል፣ ሌላ ፕለጊን ያወርዳል፣ ጌይን (የሲግናሉን ጉልበት) ይጨምራል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ከባንድ ጋር ስትጫወቱ ድራመሩ ይጠብቃችኋል፣ ቤዝ የሚጫወተው አብሯችሁ ይቃኛል። ባኪንግ ትራክ (አብራችሁት የምትጫወቱት አጃቢ ቅጂ) ግን ተሚክሶ፣ ማስተር ተደርጎ ያለቀለት ሥራ ነው፤ አይጠብቅም፣ አይቃኝም፣ ቦታም አይለቅም። ማስተካከሉ በሙሉ የጊታሩ ዕዳ ነው።

ከቅኝት እንጀምር። ቱነሩ አረንጓዴ ስላበራ ከትራኩ ጋር ተቃኝታችኋል ማለት አይደለም። ቱነሩ የሚለካው «ኤ» የተባለችውን ኖታ 440 ኸርትዝ አድርጎ ነው፤ ትራኩ ከድሮ ካሴት ወይም ሸክላ የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ማጫወቻው ትንሽ ስለፈጠነ ወይም ስለዘገየ ብቻ 20 እና 30 ሴንት ሊያፈነግጥ ይችላል (አንድ ሴሚቶን 100 ሴንት ነው)። ትራኩ ውስጥ ረዘም ብሎ የሚቆይ ኖታ ፈልጉና ያንኑ በጊታር አብራችሁ ያዙት። ድምፁ ዋው ዋው እያለ ከተወዛወዘ ልዩነት አለ። ውዝዋዜው እየቀዘቀዘ እስኪጠፋ ድረስ የቱነሩን መነሻ ከ440 ከፍ ወይም ዝቅ እያደረጋችሁ ቃኙ፤ እዚያ አካባቢ 1 ኸርትዝ ወደ 4 ሴንት ይጠጋል። ትራኩ አንድ ሴሚቶን ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ፣ ፍጥነቱም ጨምሮ ከተሰማ ግን ቅኝቱን ተዉት፤ በ44.1 ኪሎኸርትዝ የተሠራ ፋይል በ48 እየተጫወተ ነው።

ፋይሉ ኤምፒ3 ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ዌቭ (ወዳልተጨመቀ ፋይል) ቀይሩትና እስከ መጨረሻው በዚያው ሥሩ። ኤምፒ3 ሲሠራ መነሻው ላይ በሚሊሰከንዶች የሚቆጠር ባዶ ቦታ ይጨመርበታል፤ መሃል ላይ አንዱን ፋይል በሌላው ከተካችሁ የቀዳችሁት ሁሉ ከቦታው ይንሸራተታል። ትራኩን ወደ መቅጃ ፕሮግራሙ እንዳስገባችሁ ደግሞ 10 ዲሲቤል ያህል ዝቅ አድርጉት። ማስተር የተደረገ ትራክ ጫፉ 0 አጠገብ ስለሆነ ጊታር ሲደመርበት ማስተሩ (የሁሉም ድምር መውጫ) ክሊፕ ያደርጋል፣ ማለትም የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል። ድምፁ አነሰ ካላችሁ የሄድፎኑን ማዞሪያ ክፈቱ እንጂ ፌደሩን (የትራኩን የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) አትንኩ።

ጊታሩን ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ጊታሩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ ስትሰኩ «ኢንስት» ወይም «ሃይ-ዚ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የጊታሩ ክፍል) 1 ሜጋኦም ገደማ የሆነ ኢንፑት ይፈልጋል፤ 10 ኪሎኦም በሆነ የላይን ኢንፑት ከገባ የላይኛው ድምፅ ይሞታል፣ ጊታሩ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚጮህ ይመስላል። ከዚያ በዘፈኑ ውስጥ ከምትመቱት ሁሉ የከበደውን ምት ምቱና ጫፉ ከ−12 እስከ −6 ዲሲቤል እንዲሆን ጌይኑን አስተካክሉ። በ24 ቢት ስለምትቀዱ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም። ኢንፑቱ ላይ ክሊፕ ያደረገ ቅጂ ግን አይድንም።

አሁን ብዙ ሰው እጁን የሚጠራጠርበት ጉዳይ፦ መዘግየት፣ ማለትም ክሩን ከመታችሁበት ድምፁን እስክትሰሙት ያለው ጊዜ። 128 ሳምፕል ባፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን እያጠራቀመ የሚሠራበት ቁራጭ) በ48 ኪሎኸርትዝ 2.7 ሚሊሰከንድ ነው። ሲገባም ሲወጣም ስላለ እጥፍ አድርጉት፤ ድምፁን ወደ ዲጂታል፣ ከዲጂታልም መልሶ የሚቀይረውን የኮንቨርተሩንም ትንሽ ጨምሩበት። ድምፅ በአየር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 10 ሚሊሰከንድ ማለት ከአምፑ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ መጫወት ነው፤ ይለመዳል። ከ20 ሲያልፍ ግን ጣት መሳት ይጀምራል። ዊንዶውስ ላይ የኢንተርፌሱን የራሱን አሲዮ ድራይቨር (መዘግየቱን የሚቀንስ ሶፍትዌር) ጫኑ። ብሉቱዝ ሄድፎን ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይታሰብም።

ይህ ግን እየተጫወታችሁ የምትሰሙት መዘግየት ነው። ሌላ የማይሰማ አለ። ፕሮግራሙ የቀዳችሁትን ወደ ቦታው የሚመልሰው ድራይቨሩ በነገረው ቁጥር ልክ ነው፤ ድራይቨሩ ከተሳሳተ እያንዳንዱ ቅጂ በእኩል መጠን ዘግይቶ ይቀመጣል። በልካችሁ ተጫውታችሁ መልሳችሁ ስትሰሙት ሁልጊዜ ከድራሙ ኋላ ትሆናላችሁ። ማጣሪያው ቀላል ነው። ሄድፎኑንና ስፒከሩን ዝጉ፣ ከኢንተርፌሱ የላይን መውጫ ወደ ላይን ኢንፑቱ ገመድ ዘርጉ፣ በምትቀዱበት ትራክ ላይ ሞኒተሪንግ፣ ማለትም የሚገባውን ድምፅ ወዲያው መልሶ ማሰማቱን፣ አጥፉ (ካልሆነ ድምፁ እየዞረ ይጮሃል)፣ ከዚያ የሜትሮኖም ጠቅታ አጫውታችሁ መልሳችሁ ቅዱት። ሁለቱን ጠቅታዎች አጉልታችሁ ጎን ለጎን እዩ። የተቀዳው ለምሳሌ 230 ሳምፕል ከዘገየ በ48 ኪሎኸርትዝ 4.8 ሚሊሰከንድ ነው። ሪፐር በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ላይ በፕሪፈረንስስ፣ ኦዲዮ ሥር፣ ሪከርዲንግ የሚለው ገጽ ውስጥ ይህን ቁጥር የምታስገቡበት ቦታ አለ። ባፈሩን ስትቀይሩ ፈተናውን ድገሙት። ለእኔ ከማንኛውም ውድ ፕለጊን ይህች አሥር ደቂቃ ትበልጣለች።

ወደ ቃናው ስንመጣ፣ አምፕ ሲሙሌተር ያለ ካቢኔት (የስፒከር ሣጥኑን ድምፅ የሚያስመስለው ክፍል) የትንኝ ድምፅ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለውን በፍጥነት ስለሚቆርጥ፣ እሱ ሲጎድል ዲስቶርሽኑ እንዳለ ይወጣል። ሁለት ካቢኔት ከተደራረበ ደግሞ የታፈነ ሣጥን ይሆናል፤ ይህ በተለይ የፔዳሉ ካቢኔት ሳይጠፋ ኮምፒውተሩ ላይም ሌላ ሲከፈት ያጋጥማል። ጌይኑን ብቻውን ሲሰማ ከሚጥማችሁ ሩብ ያህል ቀንሱት። ዲስቶርሽን ሲበዛ የፒኩ ምት ከሌላው ድምፅ ጋር እኩል ይጨፈለቃል፤ ከትራኩ መሃል ጊታሩን ለይቶ የሚያሰማው ደግሞ ያ ምት ነው።

የጊታሩ ወፍራም ክር ሲከፈት 82 ኸርትዝ ነው፤ ከ80 በታች ያለውን ብትቆርጡ የሚጎድል የለም፣ ቤዙና ከበሮው ግን ይተነፍሳሉ። ጭቃ ጭቃ ካለ 250 እና 350 መካከል ፈልጉት። ጊታሩ አሁንም ከተዋጠ ከመጮህ ይልቅ ትራኩ ላይ 2.5 ኪሎኸርትዝ አካባቢ 2 ዲሲቤል ቀንሱ። ሪትም ጊታርን ግራና ቀኝ ማድረግ ከፈለጋችሁ ሁለቴ ተጫወቱት። አንዱን ቅጂ ኮፒ አድርጎ በሁለቱም ጎን ማስቀመጥ ድምፁን ያጎላል እንጂ አያሰፋም፤ አንዱን ትንሽ ማዘግየት ደግሞ በሄድፎን ሰፊ መስሎ ሞኖ በሆነ የስልክ ስፒከር ላይ ጎድጓዳ ይሆናል።

የተሳሳተ ቦታ ስትጠግኑ ከሁለት ባር በፊት ጀምራችሁ አብራችሁ እየተጫወታችሁ ግቡ፣ መገጣጠሚያውንም ቀጣዩ ምት ከመነሳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አድርጉት። የሚያስተጋባ ክር መሃል ላይ ከተቆረጠ ክሮስፌድ (አንዱን እያደበዘዙ ሌላውን ማስገባት) አይሸፍነውም። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒካፕ ካላችሁ ደግሞ እምምም የሚለው ጉርምርምታ የሚቀንስበትን አቅጣጫ ወንበራችሁን እያዞራችሁ ፈልጉ፤ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ መንቀልም ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ቪዲዮ ካለ ድምፁን በ48 ኪሎኸርትዝ፣ ጫፉን −1 ዲሲቤል ላይ አውጡ። ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭባችሁ ጀምሩና የጭብጨባውን ሞገድ ከእጁ መጋጠም ጋር አገናኙ። መጀመሪያ ላይ የገጠመው እጅ 4ኛው ደቂቃ ላይ ከሶሎው ኋላ ከቀረ ስልኩ በተለዋዋጭ ፍሬም ሬት ስለቀረጸ ሊሆን ይችላል፤ ቪዲዮውን በቋሚ 30 ፍሬም ቀይራችሁ እንደገና አስገቡት።