መሐረቡን የጣለው ማን ነው?

ደብተሩ አሁንም አለኝ። በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አስምሬበታለሁ፦ ስም፣ ጉድለት፣ መጨረሻ። ስሞቹን የወሰድኳቸው ከሼክስፒር ተውኔቶችና ከፍቅር እስከ መቃብር ነው። ኦቴሎ፣ ቅናት፣ ሚስቱን ገድሎ ራሱን አጠፋ። ማክቤዝ፣ የሥልጣን ጥም፣ አንገቱ ተቆረጠ። ፊታውራሪ መሸሻ፣ ትዕቢት፣ ቤቱ ፈረሰ። ሁሉንም ሞልቼ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት የምንሰበሰብ ሰባት ሰዎች ነን። ቡና ይፈላል፣ አንድ መጽሐፍ ይነሳል፣ ወሬ ይቀጥላል። ስድስታችን እኩዮች ነን። ሰባተኛዋ አክስቴ ናት፤ ጡረታ ከወጣች ሰነበተች። የምመጣው ለቡናው ነው ትላለች። በዚያ ሳምንት ርዕስ የማዘጋጀት ተራው የእኔ ነበርና «በገዛ ጠባያቸው የጠፉ ሰዎች» ብዬ ሠንጠረዤን ይዤ ቀረብኩ።

አንብቤ ስጨርስ ዝም አሉ። አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ካወቅሽው መጽሐፉን ለምን እናነበዋለን?»

ሳቁ። አንዱ ደግሞ ጨመረበት፦ «ቀናተኛማ እኔም ነኝ፤ ማንንም አልገደልኩም።» የዚያን ዕለት ሦስተኛው ቡና ሳይደርስ ተበተንን።

ተናድጄ ወደ አርስቶትል ተመለስኩ። ትምህርት ቤት «ሐማርቲያ» ማለት የጀግናው የባሕርይ ጉድለት ነው ብለን ሸምድደናል። ቃሉ ግን ከቀስተኛ ጋር የሚሄድ ነው፤ ዒላማ መሳት። አርስቶትል እንደሚለው ለትራጄዲ፣ ማለትም ለአሳዛኝ ተውኔት፣ የሚመቸው ሰው ከልክ ያለፈ ጻድቅም ከልክ ያለፈ ክፉም አይደለም። መሐል ላይ ያለ፣ በክፋቱ ሳይሆን በሆነ ስህተቱ የሚወድቅ ሰው ነው። ይኸው ቃል በግሪኩ አዲስ ኪዳን «ኃጢአት» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ግዕዙን ሳይ «ኀጥአ» አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለትም ነው፣ በደለ ማለትም ነው። ኃጢአትና ማጣት የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በአማርኛችን በየፊናቸው ስለሚኖሩ ዝምድናቸውን ረስተነዋል። ያን ማታ መኝታዬ ላይ ሆኜ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ለካ መልሱ አፌ ውስጥ ነበር።

ከደብተሩ ላይ «ጉድለት» የሚለውን ሰርዤ «የሳተው የት ላይ ነው?» ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠንጠረዥ አላመጣሁም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን ኦቴሎ ይዤ መጣሁ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ ጮክ ብለን እናነባለን፣ «እዚህ ጋ መመለስ ይችል ነበር» ያለ ሰው «ቁም!» ይላል፣ ገጹ ላይ ምልክት ይደረጋል። መጽሐፉ የውሰት ስለሆነ በእርሳስ መጻፍ አልቻልንም። ወረቀት እየቀደድን ሰካንበት፤ መጨረሻ ላይ ጃርት መሰለ።

አራት ቅዳሜ ፈጀብን። ሦስተኛው ገቢር ላይ ደግሞ ተጣበቅን።

መሐረቡን ሁሉም ያውቀዋል። እንጆሪ የተጠለፈበት፣ ኦቴሎ ለሚስቱ ለዴዝዴሞና የሰጣት የመጀመሪያ ስጦታ። ኦቴሎን ሊያጠፋ የሚያሤረው ኢያጎ እጁ ሲገባ የኦቴሎ ምክትል የካሲዮ ክፍል ውስጥ ይጥለዋል፤ ለባልየው «ሚስትህ ለውሽማዋ ሰጠችው» የሚል ማስረጃ ይሆናል። እኔ ለዓመታት የማስታውሰው ዴዝዴሞና በግድየለሽነት እንደጣለችው ነበር። ጮክ ብለን ስናነበው ሌላ ነገር ወጣ። ኦቴሎ ግንባሬን አመመኝ ይላል። እሷ መሐረቧን አውጥታ ራሱን ልታስርለት ትሞክራለች። «ትንሽ ነው» ብሎ ይገፋዋል። ይወድቃል። ተዪው ብሎ ይዟት ይገባል። ከዚያ በኋላ ነው የዴዝዴሞና ደንገጡር ኤሚሊያ አንስታ ለባሏ ለኢያጎ የምትሰጠው።

ስድስት ሰው ባንድ ጊዜ «ቁም!» አለ። ከመካከላችን ፍርድ ቤት የሚሠራ ልጅ አለ። «ይኼ ሰውዬ እኮ የሚስቱ አንደኛ ምስክር መሆን ይችል ነበር» አለ። እውነቱን ነው። የሞት ፍርድ የፈረደባትን ማስረጃ መሬት የጣለው ራሱ ነው። ቆሞ ቢያስብ ኖሮ ቢያንስ «እኔው ነኝ የጣልኩት፤ ማን አነሳው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ታዲያ ለምን አልጠየቀም? ይኼ ጥያቄ ነው ሠንጠረዤን አፈር ያስገባው። ኦቴሎ የጦር አዛዥ ነው። ቬኒስ የቱርክ መርከቦች ወደ ቆጵሮስ መጡ ሲባል በሌሊት ያስጠራችው እሱን ነው። ጦር ሜዳ ላይ ጥርጣሬ ይዞ የሚውል አዛዥ ሰው ያስጨርሳል። ራሱም ይናገረዋል፤ አንዴ ከተጠራጠርኩ ወዲያው እቆርጣለሁ ባይ ነው። ያስከበረው ጠባይ ይኸው ነው። ጋብቻውም ውስጥ እሱኑ ይዞ ገባ። አሁን ይኼን «ጉድለት» ልበለው? የሥራ ማስታወቂያ ላይ እኮ እንደ ችሎታ ነው የሚጻፈው።

ማክቤዝ ላይ ዘዴዬ አልሠራም። እሱ ምንም አልሳተም። ንጉሡ ዘመዴ ነው፣ ጌታዬ ነው፣ እንግዳዬ ነው ብሎ የማይገደልበትን ምክንያት ራሱ ይደረድራል። ከዚያ ይገድለዋል። «ቁም!» የሚለው ራሱ ሲሆን እኛ ምን እንበል? አንድ ቅዳሜ ተከራክረን ተውነው።

ከዚያ ፍቅር እስከ መቃብርን አነሳን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት የሚመለከተውን ብቻ መረጥን። በዘሩ የሚመጥናት ባል ጠፍቶ ሰብለ ወንጌል የጋብቻ ዕድሜዋ ሲያልፍ፣ አስተማሪዋ በዛብህ ልቧን ሲወስደው፣ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ሲነሱ፤ ይኼን ሁሉ አነበብን። እኔ «ትዕቢት» የሚለውን ቃሌን ልመልሰው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አክስቴ ግን አልተስማማችም። «የኔ አባት ሦስት ሽማግሌ መልሷል» አለች። «አንዱን በዘሩ፣ አንዱን በመሬቱ፣ አንዱን እስካሁን በማላውቀው ነገር። አራተኛውን ተቀበለ፤ እሱም ነፍሱን ይማረውና ባሌ ነው። አባቴ ፊታውራሪ ስላልነበረ ነው የደከመው። ፊታውራሪ ቢሆን ማን ያደክመው ነበር?»

በዚህ ርዕስ ላይ ከሰማሁት ሁሉ ይኼን የሚያህል የለም። መሸሻ ከሌላው አባት በትዕቢት አይለይም። የሚለየው የሚያስቆመው ሰው ስለሌለው ነው። ያለውም አይሰማም። ዞር ብዬ ሳየው በየቤቱ እውነቱን የሚናገር ሰው አለ። መሸሻ ዘንድ ጉዱ ካሳ ነው፤ እንደ ዕብድ ይታያል። በግሪኩ የኤዲፐስ ተውኔት፣ ቴብስ ከተማ ውስጥ ነቢዩ ጢሬስያስ ነው፤ ዕውር ነህ እየተባለ ይሰደባል። ኤሚሊያ ደግሞ አፏን የከፈተችው እመቤቷ ከተገደለች በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ንባብ መጀመር ለምትፈልጉ፣ እኔ ብደግመው አራት መጽሐፍ አልመርጥም፤ አንድ ይበቃል። ርዕሱንም አስቀድሜ አልናገርም። «ትዕቢት» ብዬ ከጀመርኩ ሰዉ ትዕቢት ብቻ ፈልጎ ያገኛል። ዕድሜው የገፋ ሰው ደግሞ አይጥፋ።

ባለፈው ቅዳሜ የግሪኩን ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክለስን ኤዲፐስ ያዝን። ከእንግሊዝኛው አንዱ ልጅ እያየ ወደ አማርኛ ይመልስልናል። ኤዲፐስ የጭራቋን የስፊንክስን ዕንቆቅልሽ ፈትቶ ከተማ ያዳነ፣ ያልገባውን ነገር መተው የማይሆንለት ሰው ነው። አሁን ደግሞ የቀድሞውን ንጉሥ ገዳይ ይፈልጋል። የቆሮንቶሱ መልእክተኛ ተናግሯል፣ እውነቱን የሚያውቀው እረኛ እንዲመጣ ተልኮበታል። ሚስቱ ዮካስታ እውነቱ ከእሱ ቀድሞ ገብቷታል። ነፍስህን ከወደድክ ፍለጋውን ተው ብላ ትለምነዋለች።

«ተው! ምን ያደርግልሃል! አትጠይቅ!» አለች አክስቴ፣ ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ እስኪንኳኩ። ልጁ ደንግጦ መጽሐፉን አጠፈው። መሽቶም ስለነበር ቀሪውን ለሳምንት እናድርገው አልኩ።

አክስቴ ነጠላዋን መልሳ አስቀመጠች።

«ምን ለሳምንት! እረኛው ምን አለ? ክፈተው እንጂ!»