ኤሲ ሲከፈት የሚሞቅ የናፍጣ መኪና፦ እስካሁን የደረስንበት የፍተሻ ቅደም ተከተል

ይህ ማስታወሻ 3ኤል እና 5ኤል ሞተር ያላቸውን የቶዮታ ሃይሉክሶችና ሃይሶች፣ እንዲሁም 1ኤችዜድ ላንድክሩዘሮችን የሚመለከት ነው። ችግሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ኤሲ ተዘግቶ መኪናው ልኩን ይዞ ይሄዳል፣ ኤሲ ሲከፈት ግን የሙቀት መለኪያው ቀስት ሽቅብ ይወጣል። ቀደም ሲል ፍተሻው ከቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ ከሚከፍተው ቫልቭ) ይጀምር ነበር። አሁን ከራዲያተር ክዳን ነው የሚጀምረው፤ ቴርሞስታቱ ወደ ኋላ ሄዷል።

ኤሲው ምን እንደሚጨምር ይታወቅ። ኮንደንሰሩ (የኤሲው ጋዝ ሙቀቱን የሚለቅበት ክፍል) የተቀመጠው ከራዲያተሩ ፊት ነው። ከመኪናው ውስጥ የተሰበሰበውን ሙቀትና ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚያምቀው ፓምፕ) የጨመረውን ደርቦ በሚገባው አየር ላይ ይለቀዋል። መንገድ ሲዘጋጋ ራዲያተሩ የሚደርሰው አየር ከውጭው በ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሞቀ ይሆናል። ኮምፕሬሰሩ ደግሞ የሚዞረው በሞተሩ ጉልበት ነው። ፋብሪካው ግን ይህን ሁሉ አስቦ ነው ራዲያተሩንና ፋኑን የመረጠው። ስለዚህ «ኤሲውን አትክፈተው» ብሎ ባለመኪናውን መሸኘት ጥገና አይደለም። የደከመው ነገር ቀድሞም ደክሞ ነበር፤ ነገ አባይ በረሃን በጭነት ሲወጣ ኤሲ ሳይከፈትም ያፈላል።

ቁልፍ ሳይነሳ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ የሚሞቀው ቆሞ ነው ወይስ እየሮጠ? ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ሞቆ መንገድ ሲለቀቅ ከቀዘቀዘ ችግሩ አየር ነው፤ ፋን፣ የፋን ክላች (ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውና የሚለቀው) ወይም በራዲያተሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት። በ80 ሲሮጥ ወይም ዳገት ላይ ከሞቀ ደግሞ የውሃው ዝውውር፣ የራዲያተሩ ውስጥ ወይም ሞተሩ ራሱ ነው። ሁለቱም ላይ ከሞቀ ከክዳኑና ከኮንደንሰሩ ኋላ ካለው ቆሻሻ ጀምሩ።

ክዳኑ ለምን ቀደመ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ ውሃ ክፍት ድስት ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ሲሆን ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን 95 አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ እንግዲህ ቴርሞስታቱ ገና ሳይበረገድ ውሃው ፈልቷል ማለት ነው። 0.9 (ባር) የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን የመፍያ ነጥቡን እዚሁ ከተማ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። በክዳኑ ውስጥ ባለች አንድ ጎማ ምክንያት ከ20 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይመጣል! ባሕር ወለል አጠገብ ያለ መካኒክ የደከመ ክዳን ይዞ ሊከርም ይችላል፤ እኛ ጋ ግን ኤሲው ተከፍቶ ጥቂት ዲግሪ እንደተጨመረ ያፈላል።

የምታዩት እንዲህ ነው። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ፍቱ። ትልቁ ጎማ ላይ የቀለበት ጉድጓድ ጠልቆ ከታተመ ወይም ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቀየር። መሀሉ ላይ ያለችውን ትንሿን ቫልቭ በጥፍር ሳብ አድርጋችሁ ልቀቋት፤ ጠቅ ብላ መመለስ አለባት። እሷ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ከመጠባበቂያው ታንክ ወደ ራዲያተሩ አይመለስም፣ ላይኛው የራዲያተር ቱቦም ጠዋት ላይ ተጨፍልቆ ይገኛል። ክዳኑ የሚያርፍበትን የራዲያተሩን አንገትም በጣት ዳስሱት፤ የተበላ ወይም የጎደጎደ ከሆነ አዲስ ክዳን አይረዳም። አዲስ ሲገዛ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ካለ ክዳኑንም ሥርዓቱንም ለየብቻ ሞክሩ።

ሁለተኛው በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከፊት ሲታይ ኮንደንሰሩ ንጹሕ ይመስላል፤ ከኋላው ግን አቧራ፣ ገለባና ነፍሳት ከዘይት ጋር ተጋግረው እንደ ምንጣፍ ራዲያተሩ ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ። ላቫጆ ላይ ከፊት በኃይለኛ ግፊት ማሳጠብ ቆሻሻውን ወደዚያው ክፍተት ይገፋዋል፣ ስሶቹንም የኮንደንሰሩን ክንፎች ያጣምማል። ሲመሽ ከፋኑ በኩል ባትሪ አብርታችሁ ከፊት ተመልከቱ፤ ብርሃኑ የማያልፍበት ቦታ አየርም አያልፍበትም። የላይኛውን መያዣ ፈትታችሁ ራዲያተሩን ወደ ኋላ ጋደም አድርጉት፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አርሳችሁ 15 ደቂቃ ያህል ተዉት፤ ከዚያ በተራ ቱቦ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እጠቡት።

እግረ መንገዳችሁን በራዲያተሩ ጎንና ላይ ያሉትን ስፖንጆችና የጎማ መጋረጃዎች እዩ። ከሌሉ ፋኑ ትኩሱን አየር ዞሮ መልሶ ይስበዋል። ፋኑን የሚከበው ፕላስቲክም የውሃ ፓምፕ ሲቀየር ወልቆ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል። ያለ እሱ ፋኑ ከራዲያተሩ መሀል ብቻ ነው የሚስበው፤ ጥጋጥጉ ሥራ ፈት ይሆናል። «ያለ እሱም ይሄዳል» የሚባለውን አትቀበሉ።

የፋን ክላች ላይ ጊዜ ይወሰድ። ውስጡ የሲሊኮን ዘይት አለ፤ ፊቱ ላይ ያለው የተጠቀለለ ብረት በራዲያተሩ ውስጥ ያለፈው አየር ሲሞቅ ይዞርና ዘይቱን ያስገባል፣ ክላቹም ይይዛል። ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ ፋኑን በእጅ ግፉት፤ ከብዶ ወዲያው መቆም አለበት። ሁለትና ሦስት ጊዜ በነፃ ከዞረ ክላቹ ሞቷል። ከመሀሉ ወደ ዳር የተረጨ የዘይት ጭረት ካለም ዘይቱ እየወጣ ነው። የቶዮታው የሲሊኮን ዘይት በ18 ሚሊ ሊትር ቱቦ ይመጣል፣ ውፍረቱም በቁጥር ይለያል፤ 3,000 እና 10,000 የተለመዱት ናቸው። ክላቹን ስትፈቱ የወጣውን ዘይት ለክታችሁ ያዙ። ከልክ በላይ ከሞላ ፋኑ ሁልጊዜ ይጮኻል፣ ጉልበትና ናፍጣ ይበላል። ኩሽኔታው ከተላቀቀ ግን ዘይት መሙላት ትርፉ ድካም ስለሆነ ሙሉውን ቀይሩ።

ኤሲ በኋላ የተገጠመባቸው መኪኖች ከኮንደንሰሩ ፊት የኤሌክትሪክ ፋን አላቸው። እዚያ የሚገኘው ስህተት ሁለቱ ሽቦዎች ተገልብጠው ፋኑ አየሩን ወደ ውጭ መግፋቱ ነው። የደብተር ወረቀት ከፊት አስጠጉ፤ ወደ ኮንደንሰሩ ከተሳበ ልክ ነው፣ ከሸሸ ሽቦው ይገልበጥ። እየዞረ ማገናኛው ላይ ከ12 ቮልት በታች ካነበባችሁ ሪሌውን (ለፋኑ ኃይል የሚከፍተውን ማብሪያ) እና የአፈር ሽቦውን ፈትሹ።

የኤሲው ጋዝም ያሞቃል። አር 134 ኤ በሚባለው ጋዝ ላይ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ሲዞር፣ ንፋሱ ከፍተኛው ላይ ሆኖ፣ የሚገባው አየር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ዝቅተኛው ግፊት ከ1.5 እስከ 2.5 ባር፣ ከፍተኛው ከ14 እስከ 16 ባር ይሆናል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ከፍተኛው ዝቅ ይላል። ከ20 ካለፈ ኮንደንሰሩ ላይ ውሃ ርጩ። ፈጥኖ ከወረደ ችግሩ የአየር ፍሰት ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ከፍ እንዳሉ ከቀሩ ጋዙ በዝቷል ወይም ውስጡ አየር ገብቷል። «እስኪበርድ ሙላው» የሚባለው አሞላል እዚህ ያደርሳል። ጋዙ በሙሉ ወጥቶ፣ ቫኪዩም ተደርጎ፣ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው መጠን በሚዛን ይሞላ።

አሁን ውሃው። በጨረር የሙቀት መለኪያ ስትለኩ የሚያብረቀርቅ ብረት የተሳሳተ ቁጥር ስለሚሰጥ ጥቁር ፕላስተር ለጥፋችሁ እሱ ላይ አነጣጥሩ። ሞተሩ ሞቆ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የራዲያተሩን መግቢያና መውጫ አነጻጽሩ። ልዩነቱ በጣም ሰፊ ከሆነ ውሃው በዝግታ ነው የሚሄደው፤ በጣም ጠባብ ሆኖ ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ራዲያተሩ ሙቀቱን ለአየሩ እየሰጠ አይደለም። በራዲያተሩ ፊት ላይ ቀዝቃዛ መስመር ካገኛችሁ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል። የመዳብ ራዲያተር ጫፉ ተፈቶ ይጎረጎራል፤ ፕላስቲክና አሉሚኒየሙ ይቀየራል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ብዙ ጋራዥ ውስጥ የተለመደ ነው፤ እነዚህ ሞተሮች ላይ ግን ይጎዳል። ከታች ያለው ሁለተኛ ሳህን ሞተሩ ሲሞቅ አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከሌለ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ድስት ውስጥ ሰቅላችሁ ፈትኑት፤ 82 የተጻፈበት 95 ላይ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር መከፈት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃው ብቻውን 95 ስለማይደርስ ኩላንት ቀላቅሉበት።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከሞቀ ጓርኒሲዮኑን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ላይኛው ቱቦ በአንድ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከደነደነ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ጥቁር ጭስ ካለ ደግሞ የናፍጣ ፓምፑ ለጉልበት ተብሎ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ልኩ ይመለስ።

ማረጋገጫው፦ በሮቹ ተከፍተው፣ ኤሲው ከፍተኛው ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ በ1,500 ለ20 ደቂቃ ይሥራ፤ በየ5 ደቂቃው የራዲያተሩ መግቢያና መውጫ ሙቀት እንዲሁም የጋዙ ከፍተኛ ግፊት ይጻፍ። በዳሽቦርዱ ቀስት አትመኑ፤ ብዙ የቶዮታ ጌጆች ሙቀቱ ሲጨምርም መሀል ላይ ይቆያሉ። የ15ኛውና የ20ኛው ደቂቃ ቁጥር እኩል ከሆነ መኪናው ዳገት ላይ ይሞከር። ቀጥሎ የሚመዘገበው የፊትና የኋላ ኤሲ ያለው የ5ኤል ሃይስ ነው፤ እሱ ላይ የኋላው ኤሲ ተዘግቶና ተከፍቶ ሁለት ዙር ይለካል።