ለጋራንዴ ግሪስ ፍለጋ፦ ከአንድ የሚኒሶታ ዊንተር በኋላ

ባለፈው ዲሴምበር ጋራንዴ፣ ማለትም ኤም-ዋን የሚባለው የድሮ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃዬ፣ እምቢ አለኝ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው፤ ዒላማ የምንተኩሰው ክፍት ሜዳ ላይ ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያው ጥይት ተተኮሰ፣ ቀለሁም ወጥቶ በረዶው ላይ ወደቀ። መዝጊያው ግን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አልሄደም፤ ቀጣዩን ጥይት ሳያነሳ እየተጎተተ መጥቶ ባዶውን ተዘጋ። በእጄ ስቤ አጎረስኩ። ተኮስኩ። ደገመው። ስምንቱን ጥይት ለመጨረስ ሰባት ጊዜ በእጅ ሳብኩ፣ ያውም በወፍራም ጓንት።

አብረውኝ ከነበሩት አንዱ መዝጊያውን ወደ ኋላ የሚገፋው ጋዝ ነው አለ፣ ሌላው ስፕሪንጉ ነው። ሰምቼ ስፕሪንግ ቀየርኩ። ወፍ የለም። ጥፋቱ የግሪሱ ነበር፣ ግሪሱን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጋራንድ ዘይት ብቻ የሚበቃው ጠመንጃ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዝናብ ዘይቱን እያጠበበት መዝጊያው ነክሶ ይቀር ስለነበር ነው ሉብሪፕሌት 130-ኤ የሚባለው ግሪስ የመጣለት፤ ወታደሩ በትንሽ ዕቃ አድርጎ ሰደፉ ውስጥ ይይዘው ነበር። የኛዎቹ የቃኘው ሻለቃ ሰዎችም በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲገቡ የያዙት ይሄንኑ ኤም-ዋን ነው። የኮሪያን ብርድ የቀመሱ ሰዎች የኔን ስሞታ ቢሰሙ መሳቃቸው አይቀርም።

እኔ የቀባሁት ከመኪና ሥራ የተረፈኝን የጎማ ኩሽኔታ ግሪስ ነው፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ግራሶ የሚሉት። በሴፕቴምበር እንደ ቅቤ ነበር የሚሄደው። ዕቃው ላይ የውፍረቱ ቁጥር 2 ይላል፣ እኔም ቁጥር 2 ከሆነ ሁሉም አንድ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

አይደለም። ቁጥሩን እንዴት እንደሚለኩት ሳነብ ነው የነቃሁት። ግሪሱን መጀመሪያ 60 ጊዜ ያሹታል፣ ከዚያ ሾጣጣ ብረት ለ5 ሰከንድ ይለቁበትና ምን ያህል እንደሰመጠ ያያሉ። ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊሜትር ከሰመጠ ቁጥር 2 ነው፣ ከ31 እስከ 34 ከሆነ ቁጥር 1፤ እየሳሳ ሲሄድ ዜሮ፣ ድርብ ዜሮ እያለ ይቀጥላል። ይሄ ሁሉ የሚደረገው ግን በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ! የኔ ጠመንጃ እዚያ ሜዳ ላይ ከዚህ በ43 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነበር። ቁጥሩ ስለ ብርድ ምንም አይነግራችሁም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሪስ ማለት ብዙውን ጊዜ በሳሙና የተያዘ ዘይት ነው፤ ሳሙናው ሊቲየም ወይም ካልሲየም ሊሆን ይችላል፣ ትልቁ እጅ ግን ዘይት ነው። በብርድ የሚከብደውም በዋናነት ዘይቱ ነው። ለኩሽኔታ የሚሠራው ግሪስ ሸክምና ግለት እንዲችል ወፍራም ዘይት ይገባበታል። ለጎማው ጥሩ ነው። በብርድ ለሚንሸራተት መዝጊያ ግን ጭቃ ነው።

ከዚያ ፍሪዘሩን ላቦራቶሪ አደረግኩት። የቤት ፍሪዘር 18 ከዜሮ በታች ላይ ነው የሚሠራው፣ ልክ የዚያን ቀን ብርድ። አራት ቆርኪ ላይ አራት ዓይነት ግሪስ አድርጌ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ዘግቼ አሳደርኳቸው። ባለቤቴ ከበርበሬውና ከቅቤው ጎን ስታገኘው የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ጠዋት በስቴክኒ ወጋኋቸው። የኩሽኔታው ላይ ስቴክኒው ጎበጠ። ሞሊ የሚባል የማለስለሻ ዱቄት ያለበት ጥቁሩ የመኪና ግሪስም ያው ነው፤ ሞሊው ብረት ከብረት ሲፋጭ ይረዳል እንጂ ብርድ አያቀልም። 130-ኤ ገባ፣ ግን ገፋ ማድረግ ይፈልጋል። ሲንተቲክ ዘይት ያለበት ቁጥር 1 ከትናንቱ ብዙም አልተለየም። እሱን መረጥኩ።

ከመቀባቴ በፊት አሮጌውን ሙልጭ አድርጌ በቀለም ማቅጠኛ አጠብኩ፣ የጋራዡን በር ከፍቼ። ሳሙናቸው የማይስማማ ሁለት ግሪሶች ሲደባለቁ አንዳንዴ ይቀጥኑና ይፈሳሉ፣ ስለዚህ በላይ በላዩ መደረብ የለም።

የት እንደሚቀባ ጠመንጃው ራሱ ይነግራችኋል፦ ቀለሙ ለቆ ብረቱ የሚያብረቀርቅበት ቦታ ይፋተጋል ማለት ነው። መዝጊያውን የሚቆልፉት ሁለቱ ጉጦች፣ መዝጊያውን የሚስበው ረጅሙ ዘንግ የሚሄድበት ቦይ፣ ዘንጉ ከበርሜሉ ሥር የሚነካበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀኙ ጉጥ የሚገባበት የዘንጉ ጎድጓዳ። መጠኑ? በፊት እንጀራ ላይ ወጥ እንደማውጣት ነበር የማደርገው። አሁን በስቴክኒ ጫፍ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ በጣት መዳመጥ። ጋዝ ሲሊንደሩና ፒስተኑ ደረቅ ይሁኑ። ጥይቱ የሚገባበት ክፍልና በርሜሉ ውስጥም ግሪስ አይገባም፣ አደገኛ ነው። የጥይቱን ቂጥ የሚመታው መርፌ መንገድም እንዲሁ፤ መርፌው በነፃነት ካልተንቀሳቀሰ ወይ ጥይቱን በደንብ አይመታም፣ ወይ ወደ ፊት ቀርቶ ሳትፈልጉ ያስተኩሳል።

አንድ ውርደትም ልናገር። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይቻለሁ፣ እሱስ ደህና። ግን መዝጊያው ወደ ኋላ ተይዞ ሳለ ውስጡን ስቀባ ጥይት የሚገፋውን ሳህን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። መዝጊያው መጣ። ጥፍሬ ጠቁሮ ሁለት ወር ቆየ። ስትቀቡ ዘንጉን በሌላ እጃችሁ ያዙት።

እንደ ኤአር-15 ያለ ጠመንጃ ያላችሁ ደግሞ፣ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ግራፋይት ያለበት ግሪስ አትጠቀሙ፤ እርጥበት ሲገባበት አሉሚኒየሙን ያስበላል።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ 15 ከዜሮ በታች ላይ፣ አምስት ክሊፕ (ስምንት ስምንት ጥይት የሚይዝ ማቀፊያ) ተኮስኩ፣ 40 ጥይት። ሦስተኛው ክሊፕ ላይ አንዴ ያዘኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው ለካ ስፕሪንጉ ጥቅልሎች መሀል የኩሽኔታው ግሪስ ተደብቆ ቀርቷል፤ ያኔ ያለ ምክንያት በቀየርኩት አዲሱ ስፕሪንግ ላይ መሆኑ ነው የበለጠ ያናደደኝ። አጠብኩት። ከዚያ ወዲህ አልያዘም፣ ግን ያን ያህል ብርድም አልመጣም። የቀረኝ የጁላይ ፈተና ነው፤ ቁጥር 1 በሙቀት ቀጥኖ እንጨቱ ላይ እንዳይወርድብኝ እፈራለሁ። ከወረደ ለሰመሩ ወደ 130-ኤ እመለሳለሁ።