ከመርጡለ ማርያም እስከ ባሕር ዳር፦ በቅዳሴ መካከል ስላለው ዝምታ

ከሆሳዕና ተነሥቼ የዓባይን በረሃ ከተሻገርሁ በኋላ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጌ መርጡለ ማርያም ገባሁ። በዚያ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ማኅበር ካህናት በ17ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ግንብ ፍርስራሽ አለ፤ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው የአበባ ቅርጽ ዛሬም ይለያል። እኔ ካቶሊካዊው ግን ያን ግንብ ሳይ እተክዛለሁ። በ1625 እ.ኤ.አ. የመጡት የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የሀገሩን ሥርዓተ አምልኮ ወደ ላቲን (ወደ ሮማ) ወግ ለማዞር ሲጣደፉ፣ ሕዝቡ ከአባቶቹ በተማረው ዜማ ለካህኑ የሚመልሰውን ቃል ሊነጥቁት ነበርና፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ። በ1839 የመጡት የካቶሊክ ሚስዮናዊ ዩስቲኖስ ደ ያኮቢስ ግን የግእዙን ሥርዓት አክብረው ያዙ፤ ደቀ መዝሙራቸው የሆኑት የጎጃሙ ተወላጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም ቀድሞ የዚሁ የመርጡለ ማርያም መነኩሴ ነበሩ።

በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ደርሼ እሑድ የግእዙን ሥርዓት በሚከተል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስቀደስሁ። ያደግሁት በላቲን ሥርዓት ስለሆነ ከስብከትና ከቁርባን በኋላ ሁሉም አብሮ ጸጥ የሚልበትን ጊዜ እጠብቅ ነበር። እዚህ ግን ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ይላል፤ ጥሪና ምላሽ ተያይዞ ይሄዳል እንጂ ክፍተት የለውም። ዝምታውን ያገኘሁት ከአንዲት አሮጊት ዘንድ ነው። መቋሚያቸውን ተደግፈው አንዲት ምላሽ ሳያስቀሩ ቆይተው፣ ከቆረቡ በኋላ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ቆሙ፤ ልጅ ቀሚሳቸውን ቢጎትትም ቃል አልተነፈሱም። ኋላ ደጅ ላይ ስጠይቃቸው «ሥጋ ወደሙን ተቀብሎ ማን ወሬ ያወራል ልጄ!» አሉኝ።

የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የሆነው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ፣ በ30ኛው አንቀጽ፣ ምእመናን በምላሽ፣ በዝማሬና በአካል እንቅስቃሴ እንዲሳተፉ ካዘዘ በኋላ በተገቢው ጊዜ ቅዱስ ዝምታ እንዲጠበቅ አክሏል። ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ማኖሩ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ያች እናት ሲመልሱም ዝም ሲሉም እኩል ተሳታፊ ነበሩ። በየአጥቢያችን ግን ተሳትፎ ማለት ድምፅ ብቻ እየመሰለን፣ የመጨረሻው ቆራቢ ሳይቀመጥ ኦርጋን ይነሣል፤ ይህ ሕዝቡ ከጌታው ጋር የሚሆንበትን ጊዜ መንጠቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የአጥቢያዬን መዘምራን የምለምነው ከቁርባን በኋላ ኦርጋኑን ጥቂት ደቂቃ እንዲያቆዩት ነው፤ ከዚያ የሚያነሡት መዝሙር ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ጭምር የሚያውቁት ይሁን።